የከተማው ሁሉ ምስክር

በአንድ ውል ላይ ስማቸው ከሰፈረ ሰዎች ሁሉ የተረሳው ፍጡር ምስክሩ ነው። አከራይ ኪራዩን ይቀበላል፤ ተከራይ ቁልፉን ይቀበላል፤ ምስክር ግን ሻይ ከተጋበዘ ዕድለኛ ነው። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጸሐፊው እጁ ዝሎ ለመነሣት በሚቁነጠነጥበት ቦታ ላይ ስሙ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ በልቶ ይደር ጦሙን ይደር የሚጠይቀው የለም። እስቲ ከእናንተ መካከል የቤት ኪራይ ውሉን ሳያወጣ የእማኞቹን ስም የሚነግረኝ ማነው? አያችሁ!

ስለዚህ ስለተረሳ ፍጡር የምናገረው ያለምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። በሕይወቴ አንድ ውል ላይ ብቻ ፈርሜ የጅቡቲ ከተማ ግማሽ ምስክር የሆንኩ፣ በዚያችው ፊርማ የሕግ ሊቅ ተብዬ በዓለም የዕውቀት ቋት ውስጥ የተመዘገብኩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው በትሕትና ነው። ትሕትናዬ ምን ያህል ጣጣ እንዳመጣብኝ ደግሞ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ስሜ ሽብሩ ማንደፍሮ ነው። የምሠራው ወደቡ አጠገብ አንድ ትራንዚት ቤት ነው። ሥራዬ ወደ አገር ቤት የሚያልፈው ዕቃ ሲራገፍ «ይኼ ሳሙና ነው፣ ያ ደግሞ ጎማ ነው» እያልኩ ለጉምሩክ በጽሑፍ ማስረዳት ነው። የምኖረው ጋቦዴ ነው። ይህን ስናገር ከተማውን የሚያውቁ ሁሉ «መቼ ተፈታህ?» ይሉኛል፤ እስር ቤቱ እዚያ ስላለ ነው። እኔ ያለሁት ከግንቡ ወዲህ ነው፤ በገዛ ፈቃዴ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ፤ የዚህ ወግ ባለቤት ሜትር ዘውዱ ናቸው። ጅቡቲ ውስጥ ጠበቃና የሕግ ሰው በፈረንሳዮቹ ወግ «ሜትር» ተብሎ ይጠራል። ሜትር ዘውዱ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። እንዴት ወደዚህ እንደመጡ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ «በባቡር» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሻዩን ራሱ ይከፍላል።

መቀመጫቸው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሮብሌ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ያለችው ሻይ ቤት ናት። ከቁርስ በኋላ መጥተው ማራገቢያው ሥር ይሰየማሉ፤ ጫቱ መጥቶ ከተማው ሥራውን እስኪዘጋ ድረስ የሰው ጭንቀት እየሰሙ ይጽፋሉ። በፈረንሳይኛም፣ በዐረብኛም፣ በአማርኛም ይጽፋሉ። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ረዥም ከመሆኑ የተነሣ ባለጉዳዩ ተኝተዋል ብሎ ይሠጋል። ከዚያ አንድም ቃል ሳይሰርዙ ይጽፋሉ። የጻፉት ላይ ግን ስማቸውን አያሰፍሩም። ለምን ሲባሉ «የሚኖሩበት እነሱ ናቸው፤ እኔ ምን አግብቶኝ እፈርማለሁ?» ይላሉ። እኔ ይህንን ልማድ ትልቅነት ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ትልቅነትም ጣጣ አለው!

አንድ ቀን የቤት አከራዬ ኤርኮንዲሽነሩን እንዲያሠራልኝ ማመልከቻ ላጽፍ ወደ ሜትር ሄድኩ። (ጅቡቲ ውስጥ ያለ ኤርኮንዲሽነር የሐምሌን ሙቀት የሚያሳልፍ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ዓሣ ነው፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም።) ከፊታቸው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። አጠገቧ ባሕሩ ዳር ያለው የራስ ዲካ ሰፈር ነዋሪ የሆኑ ማዳም የመኪና ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ይቸኩላሉ። ልጅቷ በማግሥቱ እኒህ ማዳም ቤት እዚያው እያደረች ልትሠራ ነው። ሜትር ጠየቁ፣ ዝም አሉ፣ ጻፉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩና «አንተ ልጅ፣ ስምህን መጻፍ ትችላለህ?» አሉኝ። እንዴታ! አልኩ። «እንግዲያው አንድ ቀን እንኳን ለቁም ነገር ጻፈው» አሉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

እኔ ደግሞ ለቁም ነገር ከተጠራሁ አልሰስትም። የጉምሩክ ወረቀት ላይ የሠለጠነውን እጄን ዘርግቼ ሙሉ ስሜን በአማርኛም በላቲንም፣ ወፈር ደመቅ አድርጌ ጻፍኩት። ከአንቀጾቹ ሁሉ ገዝፎ ወጣ። ሜትር ወረቀቱን በክንዳቸው ልክ አርቀው ተመለከቱና «ውሉ አነሰብህ መሰለኝ» አሉ።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። አንቀጽ አንድ፦ የሠራተኛዋ ፓስፖርት በራሷ እጅ ይቆያል። አንቀጽ ሁለት፦ የምትተኛበት ክፍል በር አለው፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። አንቀጽ ሦስት ስለ ደመወዝ ነው፤ እሱን ሁሉም ሰው ስለሚያስታውሰው አልፈዋለሁ። አንቀጽ አራት፦ አርብ የራሷ ቀን ነው፤ የት እንደዋለች አትጠየቅም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ አንቀጽ አራት ስናገር ቆሜ ቢሆን ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው አርብ ሲደርስ ያች ልጅ፣ ብርቄ ትባላለች፣ ሜትርን ጠይቃ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ መጥታ አስጠራችኝ። «ምስክሬ አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። «ነገ አንድ ነገር ቢደርስብኝ የምጠራው አንተን ነው። ያን ቀን በድንጋጤ ስለነበርኩ መልክህን አልያዝኩትም፤ ደኅና አድርጌ ልየው ብዬ ነው» አለችና ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ፊትና ኋላዬን አየችኝ። ከዚያ ቻው ብላኝ ሄደች። በሚቀጥለው አርብ ተመልሳ መጣች። ምነው? ብላት «ባለፈው ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር» አለች። በስንተኛው አርብ መልኬን ጨርሳ እንዳየችው አላውቅም፤ የማውቀው ተጋብተን ልጆች ማፍራታችንን ነው። ሌላው ሰው ትዳሩን የሽማግሌ ውጤት ነው ይላል፣ ወይም የፍቅር፣ ወይም የአምላክ ፈቃድ። የእኔ ትዳር የአንቀጽ አራት ውጤት ነው። ሜትር ያን ዕለት ደክሟቸው ሦስት አንቀጽ ብቻ ጽፈው ቢነሡ ኖሮ እኔ ዛሬም ጎማና ሳሙና እየቆጠርኩ ብቻዬን ሩዝ የምቀቅል ሰው ነበርኩ። ሲመሽም ሲነጋም አመሰግናቸዋለሁ።

የብርቄ ጓደኞች ብርቄን አዩ። ፓስፖርቷ በራሷ ትራስ ሥር ነው። በሯ ይቆለፋል። አርብ አርብ እንደ ልቧ ትንሸራሸራለች። ወረቀቱን ስጪን አሏት፤ ይዘውት ሮብሌ ዘንድ ሄዱ። የብርቄንና የማዳምን ስም በነጭ ወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ኮፒ አስደረጉ። የእኔን ስም ግን አልሸፈኑም። ረስተውት እንዳይመስላችሁ! ተማክረውበት ነው። «የብርቄ ምስክር አላሳፈራትም፤ ለእኛም እሱ ይሁንልን» ተባባሉ። ሰው በሌለበት አገር ምስክር ማለት ለሴቲቱ ቀለም አይደለም፤ ዘመድ ነው። አንድ ወንድ፣ ሙሉ ስሙን በወፍራም ጽፎ፣ «እኔ አይቻለሁ» ብሎ ከኋላዋ ቆሟል ማለት ነው። ያ ወንድ በዚያ ሰዓት ጋቦዴ ተኝቶ እያንኮራፋ መሆኑን አሠሪዋ በምን ታውቃለች?

በዚህ ዓይነት ደጃቸውን ረግጬ የማላውቃቸው ቤቶች ሁሉ ውስጥ ምስክር ሆንኩ። ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከዚያም ላይ ኮፒ ሲነሣ አንቀጾቹ እየደበዘዙ ሄዱ። ሜትር በየጊዜው ከየቤቱ የሰሙትን እያከሉ እንደገና ይጽፏቸዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ አዲሱን ጽሑፍ ከታች ከእኔ ስም ጋር እያጣበቁ ያስባዛሉ። ቀለሙ ወፍራም ነውና ስሜ አልደበዘዘም። ፈረንጅኛ ለለመደ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም ማለት የመጨረሻው ስም ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ ማንደፍሮ ተባለ። ሰዎች ሮብሌ ዘንድ ገብተው «አንድ ማንደፍሮ ስጠኝ» ይላሉ። ማዳሞቹ ሠራተኛ ሲቀጥሩ «ማንደፍሮ አለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አለኝ ያለችዋን በአክብሮት፣ የለኝም ያለችዋን በደስታ ይቀጥራሉ። አባቴ ማንደፍሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወረቀት ሲያይ በሌላ በር የሚወጣ ገበሬ ነበር። ስሙ ባሕር ተጠግቶ የአርብ ዕረፍት መጠሪያ ይሆናል ብሎ ማን አሰበለት?

አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጄ ሮብሌን ስሜን ለምን እንደማያጠፋው ጠየቅሁት። «ዋርያ፣ ስማ ሽብሩ፣ አጥፍቼ ሞክሬ ነበር እኮ» አለኝ። «የሚገዛኝ አጣሁ። አንዷ መልሳ አምጥታ ‹ይኼ ይሞታል፣ ባለቤት የለውም› ብላኝ ሄደች።»

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሜትር አረጁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰላማዊት፤ ሊዮን የሚባለው የፈረንሳይ ከተማ ነው የምትኖረው። ሰላማዊት ሴት ልጅ ወለደች። ሜትርም የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ቪዛ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ደግመው ጠየቁ፤ ደግመው ተከለከሉ። ምክንያቱ «ላይመለሱ ይችላሉ» የሚል ነው። ልብ በሉ፣ በትር ተደግፎ የሚሄድ ሽማግሌ ሊዮን ቀርቶ ምን ይሆናል ብለው ሠግተው ነው? ኳስ ተጫዋች?

በዚህ መሃል እዚያው ሊዮን አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ስለ ቤት ሠራተኞች መብት ትልቅ ጉባኤ ያዘጋጃል። ሰላማዊት ሄዳ ስለ አባቷ ነገረቻቸው። ደስ ይለናል አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ጥሪ ደግሞ ቪዛውን ያቀልላቸዋል። ብቻ አንድ ነገር ቀረ። ጉባኤው የሚጠራው የጻፋቸው ሥራዎች ተለይተው የታወቁለት የሕግ ሰው ነው። ምን ጽፈዋል? ይንገሩን፤ እኛም በዕውቀት ቋቱ እናመሳክራለን አሏቸው። ሜትርም «አንድ ገጽ ጽፌአለሁ» ብለው ውሉን ላኩ።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ይህንን ዝነኛ ጽሑፍ ከእርስዎ በፊት እናውቀዋለን፤ ደራሲውም የጅቡቲው የሕግ ሊቅ ማንደፍሮ መሆናቸው በቋቱ ተለይቶ ተመዝግቧል፤ እኚህን ሊቅ የሚያውቋቸው ከሆነ ቢያገናኙን ውለታዎ አይረሳም ይላል።

በዚያ የነሐሴ ቃጠሎ ሜትር ካርቲየ 1 ድረስ ያለውን መንገድ ትተው ጋቦዴ ቤቴ ድረስ መጡ። በሩን ስከፍት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉልኝ። «ሊቁ ማንደፍሮ፣ እንደምን ዋሉ?» አሉኝ። ታመው መስሎኝ ብርቄን ውሃ አምጪ ብዬ ጮኽኩ።

እንግዲህ ይህ የዕውቀት ቋት የሚሉት ምንድነው? ሮብሌ ነው ያስረዳኝ፤ በዚያን ጊዜ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ ኮምፒውተሮች ደርድሮ ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ነበር። የዓለምን ዕውቀት ሁሉ በየሳጥኑ የሚያስቀምጥ የኢንተርኔት ጎተራ ነው። እያንዳንዱ ሰው፣ መጽሐፍ፣ ተራራ፣ ዓሣ የራሱ ገጽ አለው። ማንም ሰው ገብቶ መጻፍ ይችላል፤ ማንም ሰው ገብቶ ደግሞ ማጥፋት ይችላል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ዓለም እንዴት ቆማ እንደምትውል አይገባኝም፤ ግን ቆማለች።

ሮብሌ ስሜን ጻፈና ገጼ ወጣ። ፎቶግራፍ አልነበረም፤ በምትኩ የሰው ጥላ የሚመስል አመድማ ነገር ተቀምጧል። ሥራ፦ የሕግ ሊቅ። የሚሠራበት ከተማ፦ ጅቡቲ። የጻፋቸው ሥራዎች፦ የቤት ሠራተኛ ውል በፈረንሳይኛ፤ የቤት ሠራተኛ ውል በዐረብኛ፤ የቤት ሠራተኛ ውል በአማርኛ። በፈረንሳይኛ ኮንቴይነር ማስለቀቅ እችላለሁ። በዐረብኛ ግን ከሰላምታ ወዲያ የማውቀው ሐብሐብ መግዛት ብቻ ነው። በዚያ ቋንቋ የሕግ ጽሑፍ መጻፌን ሳነብ፣ አልደብቃችሁም፣ ደረቴ በመጠኑ ተነፋ። ወደ ቤት ስመለስ ዘለግ ዘለግ እያልኩ ተራመድኩ። ገና ስገባ ብርቄ ቀና ብላ አየችኝና «ሊቅ ሆይ፣ ጋዝ አልቋል» አለችኝ። ባዶውን ሲሊንደር ተሸክሜ ወጣሁ። ዕውቀቴ በትከሻዬ ላይ ነበር።

ስሕተቱ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። አንድ የውጭ አገር ተማሪ ከየቤቱ የውሉን ኮፒዎች ሰብስቧል። አሠሪዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሠራተኞቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ሳይለወጥ ያለው ስም አንድ ነው። እንግዲያው ደራሲው ማነው? እኔ በልጁ ቦታ ብሆን እንደዚያው አልል ነበር? አንድ ሰው ያን ሁሉ ቤት እየዞረ ምስክር ሲሆን ኖረ ከማለት አንድ ሰው ጻፈው ማለት ለአእምሮ ይቀላል። እኛ አገር ምስክር ለምን እንደማይሸፈን ማን ይነግረዋል?

ሮብሌ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ስሜን ደመሰስኩ፤ የሜትር ዘውዱን ስም ጻፍኩ። አሁን ገና እፎይ ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይመጣ ስሜ ተመልሶ መጣ። እንደገና ደመሰስኩት፤ እንደገና መጣ። ሮብሌ ሳቀና ገጹን የሚጠብቅ ሰው አለ አለኝ። የሆነ በረዶ አገር የተቀመጠ፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ሲመሽም ሲነጋም የሰው ገጽ ሲጠብቅ የሚውል በጎ ፈቃደኛ ነው። በሙቀት ዘበኛ አይቻለሁ፤ ያለ ደመወዝ ዘበኛ ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በሮብሌ ፈረንሳይኛ ጻፍኩለት። ጌታዬ፣ ማንደፍሮ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ውል አልጻፍኩም፤ የጻፉት ሜትር ዘውዱ ናቸው አልኩ። በአክብሮት መለሰልኝ። ከእንደርስዎ ካለ ሊቅ መልእክት ማግኘት ለእኔ ክብር ነው፤ ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ በተጻፈው ገጽ ገብቶ ማረም በሕጋችን የተከለከለ ነው፤ ሥራዎን ለሌላ ሰው ለመስጠት ያሳዩት ትሕትናም የታላላቅ የሕግ ሰዎች መለያ መሆኑን አውቃለሁ አለኝ።

ተናደድኩ። ትሕትና አይደለም! እኔ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ እኔ የምጽፈው ሳሙና ሳሙና መሆኑን ነው፤ እኔ ሊቅ አይደለሁም ብዬ መለስኩ። እሱም በትዕግሥት አስረዳኝ። የሕግ ሊቁ ማንደፍሮ ካልሆኑ በሰው ስም መጻፍ ክልክል ነው አለ። ከሆኑ ደግሞ ስለ ራስዎ መጻፍ ክልክል ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ! እኔ እኔ ከሆንኩ ዝም ማለት አለብኝ፤ እኔ እኔ ካልሆንኩ ምን አግብቶኝ እናገራለሁ? ሜትር ይህንን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ይህ ሰው ጥሩ ዳኛ ይወጣዋል» አሉ። በመጨረሻ ግን ጠባቂው አንዲት ቀዳዳ ተወልኝ፤ ሌላ ሰው የጻፈው የታተመ ነገር ካመጣችሁ አስተካክላለሁ አለ። ጉባኤው የተጋባዦችን ስም መመዝገብ የሚያቆመው ወሩ ሲያልቅ ነው።

ሜትር «ተዉት» አሉን። «ፎቶዋን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።» ይህን ያሉን ቤታቸው ሆነን ነው። ከአልጋቸው አጠገብ ሻንጣ ቆሟል፤ ከሻንጣው በላይ ግድግዳው ላይ የሕፃን ቀሚሶች ተሰቅለዋል። አንዷ የመዳፍ ታህል ናት። ከጎኗ ተለቅ ያለች። ከዚያ ደግሞ ተለቅ ያለች። ብርቄ ምንድናቸው ብላ ጠየቀች። «ቪዛ በከለከሉኝ ቁጥር ልጅቷ ታድጋለች» አሉ ሜትር፤ «ልኳን መቀየር አለብኝ።»

መንገድ ስንወጣ ብርቄ እኔ ላይ ዞረች። «አንተ ያን ቀን ምን ሆነህ ነው የፈረምከው?» አለችኝ። ምስክር ሆኜ አልኳት። «ታዲያ ለምን አትመሰክርም?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ ዘመን በስንቱ ቤት ምስክር ሆኜ ስኖር አንድም ቀን መስክሬ አላውቅም! ማንም አልጠራኝማ።

ሮብሌ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ የአጎት ልጅ ነበረው። አርብ ዕለት ወደ ራስ ዲካ ዳርቻ ይዞት መጣ፤ አርብ የራሳቸው የሆነ ሴቶች የሚውሉት እዚያ ነውና። ጋዜጠኛው ማን ጻፈው ብሎ ገና ሳይጨርስ ሁሉም ባንድ ላይ ጀመሩ። አንዷ «ሜትር ‹ማታ በሩን የሚዘጋው ማነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ አልቅሼ ስጨርስ ‹ቁልፉም በእሷ እጅ ይቆያል› የምትለዋን ጨመሯት፤ ስለዚህ ያቺ መስመር የእኔ ናት» አለች። ሌላይቱ ተነሥታ «ውሸቷን ነው፣ ያቺ የእኔ ናት፤ የእሷ ስለ ስልኩ የሚለው ነው» አለች። አንቀጽ እንደ መሬት ተካፈሉት፤ ድንበር ገፋሽብኝ ተባባሉ። አንዷ እኔን አየችና «ማንደፍሮ እሱ ነው? ያ ማንደፍሮ? እኔ ደግሞ ቁመናው የሚያስፈራ ሰው መስሎኝ!» አለች። ብርቄ ያን ቀን እንደሳቀችው ስቃ አታውቅም።

ተራዬ ሲደርስ ኮቴን ቆለፍኩ። ጋዜጠኛው ምን አየህ አለኝ። እሳቸው ሲጠይቁ አይቻለሁ አልኩ። ዝም ሲሉ አይቻለሁ። ሲጽፉም አይቻለሁ። እኔ የጻፍኩት ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ከሚገባው በላይ አተለቅሁት። ከዚህ የበለጠ የምለው አልነበረኝም። ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ነገርም ተናግሬ አላውቅም።

ጋዜጣው ወጣ። ሮብሌ ገጹን ኮፒ አድርጎ ለበረዶው አገር ዘበኛ ላከለት። ሰውዬው አነበበ፤ አመነ፤ አመሰገነ። ሜትር ዘውዱ የራሳቸው ገጽ ተከፈተላቸው፤ ውሉም በሦስቱም ቋንቋ ከእሳቸው ስም ሥር ገባ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ የጥሪ ደብዳቤ ላከ፤ ቪዛውም ተመታ። ለዚያ ላላየሁት፣ ያለ ደመወዝ በብርድ ለሚጠብቅ ሰው እግዜር ይስጠው እላለሁ። ግትር ነበር፤ ግን ማስረጃ ሲያይ ቃሉን አጠፈ። ስንቱ ደመወዝተኛ ያንን ይችላል?

አየር ማረፊያ የሸኘናቸው እኔና ብርቄ ነን። ሊዮን ይበርዳል ተብለው ከሰው የተዋሱትን የሱፍ ካፖርት ለብሰው፣ ላባቸው እስከ አንገትጌያቸው እየወረደ፣ «አላወልቀውም፣ ይረሳል» ብለው ቆሙ። ሻንጣው ውስጥ ያለችው ቀሚስ የመጨረሻዋና ትልቋ ናት። ስለ አንቀጽ አራት አመሰገንኳቸው። «ለእሱማ ከፍለሃል» አሉኝ፤ «ፈርመሃል።»

የእኔ ገጽስ ምን ሆነ? አልጠፋም። ጠባቂው እንደጻፈልኝ ስሜ ያን ሁሉ ኮፒ ላይ ስላለ ገጹን መሰረዝ ዕውቀትን ማጉደል ነው። ስለዚህ «የሕግ ሊቅ» የሚለውን አነሣና በቦታው «ምስክር» ብሎ ጻፈበት። ሮብሌ ቋቱን ሲበረብር ውሎ በሥራው ምስክር የተባለ ሌላ ሰው አላገኘሁም ብሎኛል። ከሊቅነት ወርጄ ብቸኛ ሆንኩ ማለት ነው። አልከፋኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሊዮን በስልኬ ፎቶ መጣልን። ሜትር ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ያቺ ልጅ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ መነጽራቸውን ጎትታ ልታወልቀው ትታገላለች። ቀሚሷ ትንሽ ሰፍቷታል፤ ብርቄ ይህን ስታይ አለቀሰች። ከፎቶው ጋር ሌላ ፎቶ ነበር። ሰላማዊት ሕፃኗን የምትጠብቅላት ወጣት ሴት ቀጥራለች፤ አባቷ ደግሞ በገዛ እጃቸው ውል ጽፈውላታል። አርብ የሚለው እሁድ ሆኗል። ከታች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ጸሐፊ፦ ዘውዱ» ብለው ፈርመዋል። ደስ አለኝ፤ በርቱ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ወፈር ደመቅ ተደርጎ፣ በአማርኛም በላቲንም፦ ምስክር፣ ሽብሩ ማንደፍሮ። ሳልጠየቅ!

ብርቄ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። የእኔን ስም አየች። ወደ ላይ ሄዳ የሠራተኛዋን ስም አየች። ከዚያ አንቀጽ አራት ላይ ቆመች፤ ቀስ ብላ ደግማ አነበበችው። የራሷ ቀን ነው፤ የት እንደዋለች አትጠየቅም።

«ሽብሩ» አለችኝ፣ ስልኩን እየመለሰችልኝ፤ «ይኼ ሊዮን የሚሉት አገር በጣም ሩቅ ነው አይደል?»